የሕፃኑን ልቅሶ ማን ይስማ?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሰሐቦቻቸው ላይ ይስፈን።



ዛሬ የማወራችሁ በሚንበር ላይ ብዙም ስለማይነሳ ነገር ነው፤ ስለ ሕፃናት ዳይፐር። «ይህም ለሬዲዮ የሚበቃ ርዕስ ሆነ?» የሚል አይጠፋም። እስቲ አስቀድሜ አንድ ታሪክ ላስታውሳችሁ።

በኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ዘመን የነጋዴዎች ቅፍለት መዲና ደርሶ ሰፈረ። ዑመር ከዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.) ጋር ሆነው ሌሊቱን ሊጠብቋቸው ወጡ። በዚያ ሌሊት የሕፃን ልቅሶ ሰሙ። ወደ እናቲቱ ሄደው አላህን እንድትፈራና ለልጇ መልካም እንድትሆን መከሯት። ጥቂት ቆይቶ ሕፃኑ እንደገና አለቀሰ፤ ተመልሰው መከሯት። ሊነጋጋ ሲል ለሦስተኛ ጊዜ ቢሰሙ ወቀሷት። ሴትዮዋ ግን የሚያናግሯት ሰው ማን እንደሆኑ አላወቀችም። ዑመር ድጎማ የሚቆርጡት ጡት ለተወ ልጅ ብቻ ስለሆነ፣ ልጇን ያለ ጊዜው ጡት እያስጣለችው መሆኑን ነገረቻቸው። በማግስቱ የፈጅርን ሶላት ሲያሰግዱ ከልቅሷቸው የተነሳ ቂርኣታቸው በቅጡ አልሰማ አለ። ከዚያም ድጎማው ልጅ ከተወለደበት ጊዜ ጀምሮ እንዲሰጥ ወሰኑ፤ አዋጅም አስነገሩ፤ ወደየግዛቱም ጻፉ። ታሪኩን ኢብኑ ሰዕድ ዘግበውታል።

ወንድሞችና እህቶች! ዑመር በመጀመሪያ ያደረጉት መምከር ነበር። ምክራቸው መልካም ነው፤ ሕፃኑ ግን ማልቀሱን አላቆመም። ጥፋቱ ከእናቲቱ ዘንድ አልነበረም፤ ከደንቡ ነበር። ይህንን ያወቁት ምክንያቱን ከእሷ አንደበት ሲሰሙ ነው።

አሁን ወደምንኖርበት አገር ወደ አሜሪካ እንምጣ። እዚህ ድሃ ቤተሰብ ለምግቡ የመንግሥት እርዳታ አለው። «ዊክ» የሚባለው ለነፍሰ ጡሮች፣ ለአራስ እናቶችና ዕድሜያቸው 5 ዓመት ላልሞላቸው ልጆች ነው። «ስናፕ» የሚባለውም የምግብ መግዣ ነው። በሁለቱም ግን ዳይፐር መግዛት አይቻልም፤ ምግብ አይደለምና። አራስ ሕፃን በቀን ከ8 እስከ 12 ዳይፐር ይፈልጋል። ወጪው ለአንድ ልጅ በወር ከ80 እስከ 100 ዶላር ይደርሳል። የቤት ኪራይ ከፍሎ ለሚቸገር ሰው ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2013 የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኒው ሄቨን ከተማ በ877 ነፍሰ ጡሮችና እናቶች ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳትመው ነበር። 30 ከመቶ ያህሉ ለልጆቻቸው በቂ ዳይፐር ማግኘት እንዳልቻሉ ተናግረዋል። ጥናቱ ይህን ችግር ከእናቶች ጭንቀትና የመንፈስ መረበሽ ጋር አያይዞታል።

«እኛን እናቶቻችን በጨርቅ አይደል ያሳደጉን?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን እዚህ ብዙዎቹ የሕፃናት መዋያዎች ወላጅ ተጥሎ የሚቀየር ዳይፐር ይዞ እንዲመጣ ይጠይቃሉ። በአፓርታማው የልብስ ማጠቢያ የሌለው ሰው የሚሄድባቸው የሕዝብ ማጠቢያ ቤቶችም የሽንት ጨርቅ ማጠብን ብዙ ጊዜ ይከለክላሉ። እናት ዳይፐር ከሌላት ልጇን መዋያ አታስገባም፤ ልጇን ካላስገባች ሥራ አትገባም፤ ሥራ ካልገባች ዳይፐር መግዣ አታገኝም።

ስለዚህ ምን ታደርጋለች? አንዱን ዳይፐር ታቆያለች። የሕፃኑ ገላ ይቆስላል፤ ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም ሊጋለጥ ይችላል። ሐኪም ጋ ስትሄድ ቅባት ይታዘዝላትና «ቶሎ ቶሎ ቀይሪለት» ትባላለች። ሐያእ ይዟት «የምቀይረው የለኝም» አትልም። በሚቀጥለው ወር በዚያው ቁስል ተመልሳ ትመጣለች። ይህ ምክር ልክ እንደ ዑመር የመጀመሪያ ምክር ነው፤ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ምክንያቱ ገና አልተሰማም። ለእህቶቻችን ደግሞ የጠሃራ ጉዳይ አለ፤ የሕፃኑ ሽንት በልብሷና በመስገጃዋ ላይ ሲፈስ ሶላቷም ያስጨንቃታል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አንድ ሕፃን በጭናቸው ላይ ሽንቱን ሲሸናባቸው ውሃ አስመጥተው ረጩበት እንጂ እናቱን አላሳፈሩም።

አልሐምዱሊላህ፣ ይህን ልቅሶ የሰሙ ሰዎች አሉ። «ዳይፐር ባንክ» የሚባል የእርዳታ ድርጅት በ1994 በአሪዞና ግዛት በቱሳን ከተማ ተጀመረ። በ2011 በአገር አቀፍ ደረጃ የዳይፐር ባንኮች መረብ ተቋቋመ። እኛ ባለንበት በዋሽንግተን አካባቢ ከ2010 ጀምሮ ግሬተር ዲሲ ዳይፐር ባንክ አለ። እነዚህ ባንኮች በአብዛኛው የሚያከፋፍሉት በየሠፈሩ ካሉ ክሊኒኮች፣ ከሃይማኖት ተቋማትና ከማኅበረሰብ ድርጅቶች ጋር ተባብረው ነው። ቤተሰቡን የሚያውቁት እነሱ ናቸውና።

ደንቡም መንቀሳቀስ ጀምሯል። በ2024 የቴነሲና የደላዌር ግዛቶች በሜዲኬይድ፣ ማለትም በድሆች የጤና መድን በኩል ዳይፐር ለመስጠት ከፌደራል መንግሥት ፈቃድ አገኙ። ቴነሲ ዕድሜያቸው ከ2 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት በወር 100 ዳይፐር ከፋርማሲ እንዲወሰድ አደረገች። የደላዌር ፈቃድ ከወሊድ በኋላ ላሉት 12 ሳምንታት በሳምንት እስከ 80 ዳይፐር ነው። እስቲ እናስላው። በቀን 6 ዳይፐር የሚፈልግ ሕፃን በወር 180 ያስፈልገዋል። መድኑ 100 ቢሰጥ 80 ይጎድላል። በ12 ሳምንት የሚያበቃውም ሕፃኑ ገና ሦስት ወር ሳይሞላው ነው። ጎደሎውን የሚሞላው ጀማዓው ነው።

እንግዲህ መስጂዶቻችን ምን ያድርጉ? አንደኛ፣ የእህቶች ኮሚቴ በአካባቢው ካለ ዳይፐር ባንክ ጋር ተነጋግሮ መስጂዱን አከፋፋይ አጋር እንዲያደርግ ይጠይቅ። ልጅ ያደገበት ቤት የቀረውን አምጥቶ ይስጥ፤ የተከፈተ እሽግም የሚቀበሉ ባንኮች ብዙ ናቸው። ሁለተኛ፣ በመካከላችን ያሉ ሐኪሞች፣ ነርሶችና አስተርጓሚዎች በክሊኒካቸው እናትን «ዳይፐር ይበቃሻል ወይ?» ብለው እንዲጠይቁ፣ የሚወሰድበትንም ቦታ በአማርኛ ጽፈው እንዲሰጡ አደራ እንላለን። ሦስተኛ፣ አሰጣጡ ክብርን የሚጠብቅ ይሁን። መደርደሪያው በሴቶች መግቢያ በኩል ይቀመጥ፤ ስም አይጠራ፤ ፎቶ አይነሳ። በድብቅ የሚሰጥ ሰደቃ በአላህ ዘንድ ምን ያህል እንደሚወደድ ታውቃላችሁ። ከዘካ ገንዘብ መስጠት የሚፈልግ ሰው ግን አሰጣጡን አስቀድሞ ኢማሙን ይጠይቅ።

እህቴ ሆይ! ይህን የምትሰሚው አንቺ ራስሽ የተቸገርሽ ከሆንሽ፣ አትፈሪ። ለሐኪሙ ንገሪ። በስልክ 211 ደውለሽ በአካባቢሽ ያለውን እርዳታ ጠይቂ። ያቺ የመዲና እናት ችግሯን በመናገሯ፣ ድጎማው ከእሷም ልጅ አልፎ ለሌሎቹ ሕፃናት ሁሉ ደርሷል።

አላህ (ሱ.ወ.) የደካሞችን ድምፅ የሚሰሙ ጆሮዎችን ይስጠን፤ ሰደቃችንን ይቀበለን፤ ልጆቻችንን በጤና ያሳድግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።