በባቄላ ውስጥ የተደበቀው ኒኬል
(በተማሪዎች ማኅበር የሳይንስ ምሽት የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ ማዕድን ስላለባቸው ኤንዚሞች ነው። ነገሩ ለኬሚስትሪ ተማሪዎች ብቻ የሚመስላችሁ ጥቂት ታገሡኝ፤ መጨረሻው ሁላችንንም ይነካል። ዘመኖቹን ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር እጠራለሁ።

በማለዳ ወደ ከብት በረት የገባ ሰው አፍንጫ የሚሰነፍጠውን ሽታ ያውቃል። ሽታው የአሞኒያ ነው። በሽንት ውስጥ ያለውን ዩሪያ ወደ አሞኒያና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለውጠው፣ ዩሪዬዝ የተባለው የባክቴሪያዎች ኤንዚም ነው። ዩሪያ በውሃ ውስጥ ብቻውን ቢተው ለመፍረስ ብዙ ዓመታት ይፈጅበታል፤ ዩሪዬዝ ሲደርስበት ግን ወዲያው ይፈርሳል። ኤንዚም ማለት እንግዲህ ሥራን የሚያፋጥን፣ ራሱ ግን የማያልቅ ሠራተኛ ነው።

ይህ ሠራተኛ ከምን የተሠራ ነው? በ1920ዎቹ ዓመታት ስለዚህ ጉዳይ ቃሉ የሚሰማው ሊቅ ጀርመናዊው ሪቻርድ ቪልሽቴተር ነበር፤ በ1915 የኖቤል ሽልማት የተቀበለ ሰው ነው። እሱ፣ ፕሮቲኑ ተሸካሚ ብቻ ነው፤ ሥራውን የሚሠራው በላዩ ያለ ሌላ ትንሽ ነገር ነው ይል ነበር። ስሙ ትልቅ ስለ ነበረ ብዙዎች ተቀበሉት።

አሜሪካዊው ጄምስ ሰምነር ግን አልተቀበለውም። ሰምነር በ17 ዓመቱ በአደን ላይ ሳለ በጥይት ተመትቶ ግራ እጁን ከክርኑ በታች አጣ፤ ግራኝ ነበርና በቀኙ መሥራትን እንደ ገና ተማረ። ኬሚስትሪ ላጥና ባለ ጊዜም፣ አንድ እጅ ያለው ሰው በዚህ ሙያ አይሳካለትም ተባለ። እሱ ግን በ1914 ዶክተር ሆኖ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ። በ1917 ጃክ ቢን ከሚባል ባቄላ መሰል ጥራጥሬ ዩሪዬዝን አጣርቶ ለማውጣት ተነሣ፤ ዘጠኝ ዓመትም ለፋ። በ1926 የጥራጥሬውን ዱቄት በውሃና በአሴቶን ዘፍዝፎ፣ አጣርቶ፣ ሌሊቱን በብርድ አሳደረው። በማግሥቱ አንድ ጠብታ በማይክሮስኮፕ ቢያይ ጥቃቅን ክሪስታሎች አገኘ። ክሪስታሎቹ ፕሮቲን ነበሩ፤ የዩሪዬዝም ኃይል ነበራቸው።

ቪልሽቴተርና ተከታዮቹ አላመኑትም። ነገር ግን ጆን ኖርዝሮፕ በ1930 ፔፕሲንን በክሪስታል መልክ ካወጣ በኋላ ክርክሩ ወደ ሰምነር አደላ፤ በ1946ም ሰምነር የኖቤል ሽልማትን ተካፈለ።

እዚህ ላይ ብናቆም ታሪኩ ያማረ ነበር፤ ግን አላለቀም። በ1975 በአውስትራሊያ፣ በኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ፣ በርት ዘርነርና ባልደረቦቹ ያንኑ የጃክ ቢን ዩሪዬዝ እንደ ገና መርምረው ኒኬል አገኙበት። መጠኑ ከጠቅላላው ክብደት በሺህ አንድ ያህል ብቻ ነው። ከዚያ በፊት በኒኬል የሚሠራ ኤንዚም አይታወቅም ነበር። በ1995 ደግሞ በዚያው በኮርኔል የአንድ ባክቴሪያ ዩሪዬዝ ቅርጽ በኤክስ ሬይ ሲጠና፣ ዩሪያው በሚፈርስበት ቦታ ሁለት ኒኬሎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ታዩ።

ስለዚህ ሰምነር ክሪስታሎቹን ባየ ጊዜ ኒኬሉ በውስጣቸው ነበረ፤ ሳይታወቅም 49 ዓመት ቆየ። ኤንዚሙ ፕሮቲን ነው መባሉ እውነት ነበር፤ ፕሮቲን ብቻ ነው መባሉ ግን ስሕተት ሆነ። ኒኬሉ ያለ ፕሮቲኑ፣ ፕሮቲኑም ያለ ኒኬሉ ያን ሥራ አይሠሩትም።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ገበሬያችን በማሳው ላይ የሚበትነው ዩሪያ ከአፈር ጋር ካልተቀላቀለ፣ በአፈሩ ያለው ዩሪዬዝ ወደ አሞኒያ ይለውጠውና ከፊሉ ወደ አየር ይተናል፤ የገበሬውም ገንዘብ አብሮ ይሄዳል። የጨጓራ ቁስለት የሚያመጣው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪም ከጨጓራ አሲድ የሚድነው በዚሁ ኒኬል ባለበት ኤንዚም አሞኒያ እየሠራ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። ባለፈው ዓመት በላቦራቶሪ የመዘንሁት ከመጽሐፉ ቁጥር ጋር አልገጥም ቢለኝ፣ የራሴን ፍቄ የመጽሐፉን ጻፍሁ። ሙሉ ማርክም አገኘሁ። ምናልባት የተሳሳተው የእኔ አመዛዘን ይሆናል፤ ነገር ግን ቁጥሩን ስለ ፋቅሁት ስሕተቱ ከየት እንደ መጣ ዛሬም አላውቅም። መጽሐፉ እንዲህ ይላል ብሎ የሚያቆም ሰው ቢሆን ኖሮ ዘርነር ኒኬሉን ባላገኘ ነበር።

ስለዚህ ጓደኞቼን የምለምነው፣ የለካችሁትን ጻፉ፤ የማይገጥም ከሆነ ደግማችሁ ለኩ። መምህራኖቻችንንም በትሕትና የምንለምነው፣ ከመጽሐፉ የተለየ ውጤት ላመጣ ተማሪ ማርኩን ከመቀነሳችሁ በፊት እንዴት እንዳገኘው ጠይቁልን።