ውርጭና ድንጋይ
(በሞያሌ፥ ዳበል፥ ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



ብርድ ድንጋይን እንዴት እንደሚሰብር መናገር በዚህ በቆላው ፀሐይ ሥር እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ትምህርቱ በየመልክዐ ምድሩ መጽሐፍ ይገኛል፤ ብዙ ጊዜም ተጣሞ ይሰጣል።

የሚያጣምመውም አንድ ቃል ነው። የባሕር ማዶው መጽሐፍ ብርዳሙን ወራት ሲጠቅስ እኛ «ክረምት» ብለን እንተረጕመዋለን። ተማሪው ግን ክረምት ሲባል የሚያስበው ዝናሙን፥ ጭቃውንና ደመናውን ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ውርጭ የሚበረታው በበጋ ነው፤ ይኸውም ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጠርቶ ምድር የቀን ሙቀቷን ሌሊት በምታጣበት ጊዜ ነው። ልጁ ገበሬ አባቱ የሚያውቀውን ውርጭ ትቶ የማያውቀውን ወቅት ያጠናል ማለት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ ከመቶ 9 እጅ ያህል ይጨምራል። በድንጋይ ስንጥቅ የገባው ውሃ ሌሊት ሲረጋ ግራና ቀኙን ይገፋል፤ ቀን ሲቀልጥ በሰፋው ስንጥቅ ጠልቆ ይገባል። ደግሞም በረዶው በዙሪያው ካሉት ረቂቅ ቀዳዳዎች ውሃ እየሳበ ያድጋል፤ ሊቃውንት ዛሬ ለዚህ ለሁለተኛው ኀይል ትልቅ ስፍራ ይሰጡታል። እንዲህ የተሰበረው ድንጋይ ጠርዙ ስለታም ነው፤ ወንዝ አንከባሎ እንዳለሰለሰው አይደለም።

በአውሮፓ ተራሮች ውርጩ ለወራት ይቆያል። በእኛ በሰሜንና በባሌ ተራሮች ግን ሌሊት ይመጣል፥ ረፋድ ላይ ይጠፋል። ስለዚህ አፈሩን በመርፌ መሳይ በረዶ ከፍ ዝቅ ያደርጋል እንጂ ከጥቂት ሳንቲሜትር በታች አይዘልቅም።

ታዲያ ከሁሉ የሚያስደንቀው የሰነቴ ነገር ነው። ከደሎ መና ወደ ጎባ የሚወስደው መንገድ የሐረናን ጫካ አልፎ ወደ ሰነቴ አምባ ይወጣል፤ ከፍታውም 4,000 ሜትር ያህል ነው። በአምባው ደቡባዊ ክፍል ትልልቅ የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች ቍልቍለቱን ተከትለው በረድፍ ተሰልፈዋል። በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንደሚገልጸው የአንዳንዱ ረድፍ ርዝመት እስከ 1,000 ሜትር፥ ስፋቱ እስከ 15 ሜትር፥ ጥልቀቱም እስከ 2 ሜትር ይደርሳል። የዛሬው የአንድ ሌሊት ውርጭ ይህን ያህል ድንጋይ ሊያንቀሳቅስ ከቶ አይችልም። ተመራማሪዎቹ ረድፎቹ የተሠሩት በመጨረሻው የበረዶ ዘመን፥ ምድሩ በጥልቅ እየረጋና እየቀለጠ በነበረበት ጊዜ ነው ይላሉ። የባሌ ተራራ ያን ጊዜ በራሱ ላይ ግግር በረዶ ተሸክሞ ነበር።

እንግዲህ ባለ ሥልጣኖቻችን መጽሐፍ በሚያሳትሙበት ጊዜ ከአልፕስ ሥዕል አጠገብ የሰነቴን ፎቶግራፍ እንዲያስገቡ እለምናለሁ። እኛ መምህራን ደግሞ «ክረምት» በማለት ፈንታ «የብርድ ወራት» እንበል። ለዳበል ልጅ ሙከራው ቀላል ነው፤ የፕላስቲክ ጠርሙስ እስከ አፉ ውሃ ሞልቶ፥ ከድኖ፥ በሱቅ ማቀዝቀዣ ማሳደር ነው። ጧት ተነፍቶ ይገኛል። የመስታወት ጠርሙስ ግን ይፈነዳልና ለልጆች አይሰጥ።