መርዝን መግራት፤ ከጉሎ ፍሬ እስከ ታመመ ሕዋስ



ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ያለውን ቆሼን የማያውቅ መሐንዲስ በመካከላችን ይኖራል ብዬ አላምንም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ የሚሆኑ ወገኖቻችንን ሕይወት ቀጥፏል። ወደ ስፍራው በሄድሁባቸው ጊዜያት ሁለት ነገሮች ዐይኔን ስበውታል። አንደኛው፣ ከተደባለቀው ክምር ፕላስቲኩንና ብረቱን በዐይን ለይተው በእጅ የሚያወጡት ሰዎች ጥበብ ነው። ሁለተኛው፣ በየዳሩ ሳይዘሩት የበቀለው ጉሎ ነው። የዛሬው ንግግሬ እነዚህ ሁለቱ፣ ማለት መለየትና መርዝ፣ በአንድ ሞለኪውል ላይ ስለ ተገናኙበት የምሕንድስና ሥራ ይሆናል።

ጉሎን እናቶቻችን ምጣድ ሲያሰሱበት፣ ቆዳ የሚያለፉ ባለሙያዎችም ቆዳ ሲያለሰልሱበት ኖረዋል። ፍሬው ግን ራይሲን የተባለ ብርቱ መርዝ አለበት፤ ይህንም እ.ኤ.አ. በ1888 ስቲልማርክ የተባለ ተመራማሪ በዶርፓት ዩኒቨርሲቲ ገልጦታል። መርዙ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ ከሕዋስ ገጽ ጋር የሚጣበቅ እጅ ነው፤ ሌላው ወደ ውስጥ ገብቶ የፕሮቲን መሥሪያ የሆነውን ራይቦሶም የሚያሰናክል ነው። እጁ ምርጫ ስለማያውቅ ጤነኛውንም ሕመምተኛውንም ሕዋስ ይይዛል።

እንግዲህ ጥያቄው፣ ይህን እጅ አንሥቶ በምትኩ ምልክት የሚለይ እጅ መግጠም ይቻላልን? የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ኮህለርና ሚልስታይን አንድን ምልክት ብቻ የሚይዝ አንቲቦዲ በብዛት የሚመረትበትን ዘዴ ባገኙ ጊዜ መለያው እጅ ተገኘ። በመጀመሪያ አንቲቦዲውና መርዙ በኬሚካል ይያያዙ ነበር፤ ኋላ ግን የሁለቱ ጂኖች ተጋጥመው ባክቴሪያ አንድ ወጥ ፕሮቲን አድርጎ እንዲሠራቸው ተደረገ።

በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት ኢራ ፓስታንና ባልደረቦቹ በዚህ መንገድ ሞክሴቱሞማብ ፓሱዶቶክስን ሠሩ። መርዙ የተወሰደው ከጉሎ ሳይሆን ከሱዶሞናስ ባክቴሪያ ነው። መድኃኒቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ዓ.ም. ቀደም ያለ ሕክምና ላላዳናቸው የአንድ ብርቅ የደም ካንሰር ሕመምተኞች ተፈቀደ፤ በ80 ሕመምተኞች ላይ በተደረገው ሙከራ 75 በመቶ ያህሉ ለሕክምናው መልስ ሰጥተዋል። ሆኖም ፈሳሽ ከደም ሥሮች እንዲወጣ የማድረግ ጠንቅ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ከአሜሪካ ገበያ ወጣ፤ ምክንያቱም የደኅንነት ጉድለት ሳይሆን የተጠቃሚው ማነስ ነበር።

ከዚህ የምንማረው ምንድር ነው? ኃይል ማግኘት የሥራው ግማሽ እንኳ አይደለም፤ ዋናው ነገር ኃይሉ ከሚገባው ስፍራ ደርሶ ከማይገባው እንዲቀር ማድረግ ነው። ተለይቶ በየፈርጁ የተደረደረ ቆሻሻ ሀብት ነው፤ ተደባልቆ የተቆለለው ግን ናዳ ሊሆን እንደሚችል በቆሼ አይተናል። ሁለተኛው ትምህርት፣ የሠመረ ፈጠራ እንኳ የሚያመርተውና የሚያቀርበው ሥርዓት ከሌለው ከሕመምተኛው እጅ ሊወጣ እንደሚችል ነው።

የመፍሊያ ጋን፣ ማጣሪያ፣ የቅዝቃዜ ማከማቻ፣ እነዚህ ሁሉ የእኛ ሙያ ናቸው። ስለዚህ ይህ የሐኪሞች ጉዳይ ነው ብለን ዳር አንቁም። ወጣት መሐንዲሶቻችን ከሥነ ሕይወት ባለሙያዎች ጎን ተቀምጠው ይማሩ ዘንድ ማኅበራችን በር እንዲከፍት አሳስባለሁ።