ነፍሳት ለቃሚዋ ወፍና የቡናችን ጥላ
(ለቡና ገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምነግራችሁ በቡናው ጥላ ሥር ስለምናያት ስለ አንዲት ትንሽ ወፍ ነው። ወንዱ ከገላው የሚረዝም ጅራት አለው። ራሱ ጥቁር፣ ጀርባው ቀላ ያለ ቡናማ ነው፤ ጀርባውና ጅራቱ ነጭ የሆነም ይገኛል። የሴቷ ጅራት አጭር ነው። ይህች ወፍ እህል አትበላም። ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጣ ትጠብቅና የሚበር ነፍሳት ስታይ ተወርውራ በአየር ላይ ትይዘዋለች። ጎጆዋንም በቀጭን ቅርንጫፍ ላይ ሠርታ በሸረሪት ድር ታጣብቀዋለች።

ይህ ለገበሬ ምን ይረባል ትሉ ይሆናል። የቡና ፍሬ የምትቦረቡረው ጢንዚዛ ቁመቷ 2 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። አብዛኛውን ዕድሜዋን በፍሬው ውስጥ ስለምታሳልፍ የሚረጭ መድኃኒት በቀላሉ አያገኛትም። የምትጋለጠው ከፍሬው ወጥታ ሌላ ፍሬ ስትፈልግ ነው። ያን ጊዜ ወፍ ትደርስባታለች።

በኮስታ ሪካ አገር ተመራማሪዎች አንዳንዱን የቡና ዛፍ ወፍ እንዳይገባበት በመረብ ሸፍነው ካልተሸፈነው ጋር አስተያዩት። እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ውጤት፣ ወፎች የጢንዚዛዋን ጉዳት በግማሽ ያህል እንደሚቀንሱ አስታወቁ። ደን በቀረበት ቦታ ጢንዚዛ የሚበሉት ወፎች በርክተው ተገኙ። የዚያ አገር ወፎች ዘራቸው ከኛዎቹ ልዩ ነው፤ ሥራቸው ግን ያው ነፍሳት መልቀም ነው።

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያም የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። በጥላ ቡና ውስጥ ብዙ ዓይነት ወፍ እንዳለ አሳይቷል፤ ነገር ግን በደን ውስጥ ከቁጥቋጦው ሥር ነፍሳት የሚለቅሙት ወፎች በቡናው ውስጥ አንሰው ተገኝተዋል። ስለዚህ ቡናው ደኑን ጨርሶ አይተካም።

ጥላ ምርት ይቀንሳል የሚሉ አሉ። ጥላው ሲበዛ እውነት ነው፤ መድኃኒቱ ግን መግረዝ እንጂ ዛፉን መጣል አይደለም። ደግሞም ወፍ ብቻዋን ተባይ ትጨርሳለች አልልም። የቡና ፍሬ በሽታ ከሻጋታ የሚመጣ ስለሆነ ወፍ ምንም አትረዳም።

እንግዲህ እንዲህ እናድርግ፤

1ኛ. ዋንዛውንና ሰሳውን እየገረዝን እናቆይ።

2ኛ. በወንዝ ዳርና በእርሻው ወሰን ያለውን ቁጥቋጦ አንመንጥር።

3ኛ. በዛፍ ላይ የደረቀውንና የወደቀውን የቡና ፍሬ ለቅመን እናጥፋ፤ የጢንዚዛዋ መራቢያ እርሱ ነው።

4ኛ. ተባይ መኖሩን ሳናይ መድኃኒት አንርጭ። ለወፏ ምግብ የሚሆነውን ነፍሳት ሁሉ ይፈጃልና።

5ኛ. ልጆች ጎጆ እንዳያፈርሱ፣ በወንጭፍም እንዳይመቱ እንምከራቸው።

የልማት ሠራተኞች ደግሞ ከገበሬው ጋር ሆናችሁ ከየማሳው ጥቂት ፍሬ እየቈረጣችሁ የተበሳውን ቍጠሩ፤ ከዓመት ዓመትም አስተያዩት። ገበሬው በዓይኑ ያየውን ያምናል።

ወፏ ደመወዝ አትጠይቅም፤ የምትፈልገው የምትቀመጥበት ዛፍ ነው።