የውሰት ልብስ የለበሰች ቢራቢሮ
(በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንዲት ቢራቢሮ ነው።

እንግሊዛዊው ሄንሪ ቤትስ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1848 እስከ 1859 ድረስ፥ በአማዞን ጫካ ነፍሳትን ሲሰበስብ ቆይቶ በ1862 አንድ አሳብ አቀረበ። ይኸውም ወፎች የሚጠየፉት መራራ ቢራቢሮ ባለበት አገር መራራ ያልሆነ ሌላ ቢራቢሮ የእርሱን መልክ ይዞ ይገኛል የሚል ነው። ቢራቢሮ መስተዋት የላትም፤ አስባ ያደረገችው አይደለም። በየትውልዱ መራራውን በጥቂቱም ቢሆን የመሰሉት ከወፍ አፍ ተረፉ፤ መልካቸውንም ለልጆቻቸው አወረሱ።

ወደ አፍሪካ እንምጣ። ሊቃውንት ፓፒሊዮ ዳርዳኑስ በሚሉት ዘር ወንዱ ፈዛዛ ቢጫና ባለጅራት ነው። ሴቶቹ ግን በብዙ አገር ጅራት የላቸውም፤ አንዷ ጥቁርና ነጭ፥ ሌላይቱ ብርቱካን መልክ ናት። ስለዚህ ልዩ ልዩ ዘሮች ይመስሉ ነበር። በደቡብ አፍሪካ ይሠራ የነበረው ሮላንድ ትራይመን በ1869 ሁሉም የአንድ ዘር ሴቶች ናቸው ብሎ ጻፈ። ያላመኑት ነበሩ። በኋላ ግን ከአንዲት እናት እንቁላል ልዩ ልዩ መልክ ያላቸው ሴቶች ሲወጡ ክርክሩ አበቃ።

ብርቱካን መልክ ያላት የምትመስለው ዳናውስ ክሪሲፑስ የተባለችውን መራራ ነው። የዚህችኛዋ አባጨጓሬ ሲሰበሩት ነጭ ወተት የሚያፈስ ተክል ይበላል፤ በተክሉ ያለው ልብን የሚጎዳ መርዝም ብዙ ጊዜ ወደ ቢራቢሮዋ ይተላለፋል። የቀመሳት ወፍ ያስታውከዋል፤ ሁለተኛ ያንን መልክ አይነካም።

ታዲያ ሁሉም ሴቶች አንዷን መራራ ብቻ ያልመሰሉት ስለ ምንድን ነው? እኔን ከሁሉ የሚያስገርመኝ ይህ ነው። አስመሳዮቹ እጅግ ቢበዙ ወፉ ያንን መልክ ደጋግሞ ቀምሶ ጣፋጭ ሆኖ ያገኘዋል፤ ልብሱም ዋጋ ያጣል። ስለዚህ የበዛው መልክ ሲጎዳ ብርቅ የሆነው ይጠቀማል፤ ሴቶቹም በልዩ ልዩ መራራዎች ጥላ ሥር ተከፋፍለው ይኖራሉ።

በማዳጋስካር ሴቶቹ ወንዱን ይመስላሉ። በአገራችንም አብዛኞቹ እንደዚሁ ናቸው፤ ጥቂቶቹ ግን የመራራዎቹን ቀለም ለብሰው ጅራታቸውን እንደ ያዙ ቀርተዋል። ልብሱን ተውሰው ጅራቱን መደበቅ የረሱ ይመስላል!

አባጨጓሬያቸው የሚያድገው እንደ ልምጭ ባሉ የሎሚ ወገን ዛፎች ላይ ነው፤ ደኑ ከተመነጠረ እነርሱም የሉም። እንግዲህ ጓደኞቼ፥ ለዕረፍት ወደየአገራችሁ ስትሄዱ በደን ዳር ብርቱካን መልክም ጅራትም ያላት ቢራቢሮ ብታዩ፥ ሳትይዟት ቀኑንና ቦታውን ጽፋችሁ አምጡልን።