ግንቡ ውስጥ ያለው ድንጋይ

(በማኅበሩ ዓመታዊ የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)



የዝግጅት ኮሚቴው ባለፈው ጥር ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ወደ መልካ ቁንጡሬና ጢያ ያደረግነውን ጉብኝት እንዳወጋችሁ ጠይቆኛል። የተሰጠኝ ሃያ ደቂቃ ነው። ምሳው መድረሱን ሽታው እየነገረን ስለሆነ ከዚያ ላለማለፍ እሞክራለሁ። የታሪክ ትምህርት ክፍል መምህራን ፊት ለፊቴ ተቀምጠው አንድ የመንገድ መሐንዲስ ስለ ቅርስ ሲናገር ድፍረት ይመስላል። ለምን እኔ እንደተነሳሁ ወደ መጨረሻው ይገባችኋል።

ጢያን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በ1984 ዓ.ም. የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ነው። እውነቱን ለመናገር ለቅርስ ብዬ አልሄድኩም። የታሪክ ተማሪዎች ለመስክ ጉዞ ሲወጡ አውቶቡሱ ላይ ባዶ ቦታ አለ ተባለ፤ ለምሳ ዳቦ በእንቁላል ይታደላል ተባለ፤ የዶርም ጓደኛዬ ጎተተኝና ሄድኩ። የካፌውን ምግብ የምታስታውሱ ትፈርዱልኛላችሁ። መምህሩ ሲያስረዱ እኔ ኪሴ ውስጥ በነበረው ሜትር የአንዱን ድንጋይ ውፍረት እለካ ነበር። "ይሄ ልጅ ምን እያደረገ ነው?" ብለው ሲጠይቁ ጓደኛዬ "እሱ ሲቪል ነው" ብሎ መለሰላቸው፤ አውቶቡሱ ሙሉ ሰው ሳቀብኝ። ከዚያ ጉዞ በአእምሮዬ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ድንጋዩ ላይ የተቀረጸው ጎራዴ። እሱን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

በዘንድሮው ጉዞ አሥራ አንድ ነበርን። ከመካከላችን የጉልበት ሕመም የሌለበት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የስኳር መድኃኒቱን ረስቶ መጥቷል። በዓለም ገና በኩል የቡታጅራን መንገድ ይዘን ወደ 50 ኪሎ ሜትር እንደተጓዝን አዋሽ ዳር ደረስን። አዋሽ እዚያ ገና ልጅ ነው፤ በመተሐራ በኩል የምናውቀው ወንዝ አይመስልም። መልካ በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ነው፤ ሰውና ከብት ለስንት ዘመን እንደተሻገሩበት የሚናገረው ሙዚየም ከመንገዱ ጥቂት ገባ ብሎ ይገኛል።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ይህን ቦታ በ1963 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ያስተዋለው የአርኪዮሎጂ ባለሙያ አይደለም። ጄራርድ ዴከር የሚባል ሆላንዳዊ የውኃ ባለሙያ ነው። በሥራው ምክንያት በወንዙ ዳር ሲያልፍ ጎርፍ በሸረሸረው ገደል ላይ የተጠረቡ ድንጋዮችን አየና ለሚመለከታቸው ተናገረ። ከዚያ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ከ1965 ጀምሮ ለሠላሳ ዓመታት ያህል ቆፈሩ፤ ከእሳቸው በኋላ ደግሞ የጣሊያን ተመራማሪዎች ቀጠሉበት። እኔ ዴከርን ብሆን ኖሮ የወንዙን ፍሰት ለክቼ እሄድ ነበር፤ ይህን አሁን በሙሉ እምነት ልነግራችሁ እችላለሁ።

ሙዚየሙ በክብ ጎጆ ቅርጽ የተሠሩ ጥቂት ቤቶች ናቸው። ትልቅ ነገር የጠበቀ ሰው "ይኼው ነው?" ሊል ይችላል፤ ከእኛም አንዱ ብሏል። ነገር ግን ውስጥ ገብቶ መደርደሪያዎቹ ፊት የቆመ ሰው ቶሎ አይወጣም። ጥቁር፣ እንደ መስታወት የሚያበራ ባልጩት ተደርድሯል። ባልጩት የሚለውን ቃል ሁላችንም ከልጅነታችን እናውቀዋለን፤ ከዚያው ጥቂት ራቅ ብሎ ባልጪት የሚባል ባልጩቱ የሚወጣበት ቦታ አለ። የጥንት ሰዎች ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በፊት ጀምሮ መሣሪያ ሠርተውበታል፤ በአገራችን ቆዳ ፋቂዎች ደግሞ በእኛ ዘመን ሳይቀር ተጠቅመውበታል። ጋርባ ከሚባለው የቁፋሮ ቦታ የወጣው የሕፃን መንጋጋ ሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። ይህ የሆነው ከባሕር ጠለል በላይ ሁለት ሺህ ሜትር በሚሆን ደጋ ላይ ነው። ያን ዘመን ስናስብ ቆላውን፣ አፋርን ብቻ ለለመድን ሰዎች አዲስ ነገር ነው።

እኔን የያዘኝ ግን ጎምቦሬ ላይ ያለው ነው። እዚያ አንዱ ቁፋሮ ከላዩ ጣሪያ ተሠርቶለት በነበረበት ተትቷል። የተጠረበው ድንጋይና የእንስሳው አጥንት በወደቀበት ነው ያለው፤ ወደ መስታወት ሣጥን አልተወሰደም። በዚሁ በጎምቦሬ 700 ሺህ ዓመት ያስቆጠረ የእግር ዱካ ተገኝቷል፤ የእንስሳትም የሰዎችም። ከሰዎቹ ዱካ ውስጥ የሕፃናት አለበት፤ አንዳንዱ የአንድና የሁለት ዓመት ልጅ እግር ነው። አዋቂዎቹ ጉማሬ ሲበልቱ፣ ድንጋይ ሲጠርቡ ልጆቹ ጭቃው ላይ ወዲያ ወዲህ ይሉ ነበር ማለት ነው። ከዚያ የእሳተ ገሞራ አመድ መጥቶ ሸፈነው። እኛ መሐንዲሶች አፈር ስናይ የምንጠይቀው "ስንት ይሸከማል?" ብለን ነው። ናሙና እንወስዳለን፣ እንጠቀጥቃለን፣ እንለካለን። ለሠላሳ ዓመት አፈር ስቆፍር አንድም ቀን ከሥሩ ሕፃን ሊኖር ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም። የልጅ ልጅ ያላት አንዲት የክፍል ጓደኛችን ከዚያ ለመውጣት እንቢ አለችን፤ ጎትተን ነው ያወጣናት።

መልካ ቁንጡሬና ባልጪት በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ወር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ሳትሰሙ ያለፋችሁ ከሆነ አልፈርድባችሁም፤ እኔም ያወቅሁት ለጉዞው ስዘጋጅ ነው።

ከዚያ ወደ አዳዲ ማርያም ታጠፍን። በትውፊት ከቅዱስ ላሊበላ ዘመን ጋር የምትያያዝ፣ ከዓለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን ናት። ስንደርስ ሰዓቱ አልፎ ስለነበር ብዙ አልቆየንም፤ ብቻዋን ሙሉ ቀን ይገባታል። የመውረጃው ደረጃ ለጉልበት አይመችም፤ ምርኩዝ ያዙ።

ጢያ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። ድንጋዮቹ እንደተውኳቸው ቆመዋል። በዋናው ቦታ ሠላሳ ስድስት ትክል ድንጋዮች አሉ፤ ሠላሳ ሁለቱ ቅርጽ አላቸው። በ1980 እ.ኤ.አ. የዓለም ቅርስ ሆነዋል። የአካባቢው ሰው "የግራኝ ድንጋይ" ይላቸዋል፤ ተመራማሪዎች ግን ከግራኝ ዘመን በፊት የነበሩ መሆናቸውን ይነግሩናል። ቁፋሮው እንዳሳየው ቦታው መቃብር ነው። ጎራዴዎቹ ወደታች ዘቅዝቀው በተርታ ተቀርጸዋል፤ አንዱ ድንጋይ ላይ ጥቂት፣ ሌላው ላይ ብዙ። ቁጥሩ የገደሉት ጠላት ነው የሚል አለ፤ ሌላም የሚል አለ። አስጎብኚያችን የሰፈሩ ወጣት ነው፤ ስንጠይቀው የሚባለውን ሁሉ ከነገረን በኋላ "እኔ ግን ቆሜ ሳያቸው የሰው ስም ነው የሚመስሉኝ" አለ። ጥሩ አባባል ነው ብዬ ያዝኩት።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር አለ። በሶዶ አካባቢ የሚታወቁት እንዲህ ያሉ ቦታዎች ወደ 160 ይጠጋሉ። ጢያ ከመካከላቸው በጣም የታወቀው ነው፤ አጥር አለው፣ ጥበቃ አለው፣ ትኬት ይቆረጣል። ከሌሎቹ ብዙዎቹ እርሻ መካከል፣ እንሰት ሥር፣ ግጦሽ ላይ ናቸው። የቆመ አለ፣ የወደቀ አለ፣ ግማሹ አፈር የገባ አለ።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ።

በ1993 ዓ.ም. በዚያው አካባቢ በአንድ የገጠር መንገድ ሥራ ላይ የሳይት መሐንዲስ ነበርኩ። ሥራው ዘግይቷል፤ ክረምት ሳይገባ ካልቨርቶቹን መጨረስ ነበረብን፤ ለግንብ የሚሆን ድንጋይ ከሩቅ ነበር የሚመጣው። ዶዘሩ መንገዱን ሲጠርግ አንድ ረጅም፣ የወደቀ ድንጋይ አወጣ። ፎርማኑ ጠየቀኝ፤ "ጥሩ ድንጋይ ነው፣ ተጠቀሙበት" አልኩ። ማንም አላዘዘኝም፤ ያልኩት እኔ ነኝ።

በማግስቱ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ይዘው መጡ። "ልጄ፣ እዚህ የነበረችውን ድንጋይ ማን አነሳት?" አሉኝ። "አባባ፣ መንገድ እየሠራንላችሁ ነው እኮ" አልኳቸው። "መንገዱንማ እንፈልገዋለን። ድንጋይቱ ግን የነበረች ናት" አሉ። እኔም ያኔ ብልህ የመሰለኝን መልስ ሰጠኋቸው፤ "ድንጋይ ድንጋይ ነው አባባ" አልኳቸው። ትንሽ ቆመው አዩኝና ምንም ሳይሉ ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ ካልቨርቱ ጋ ስደርስ ግንበኛው ድንጋዩን በመዶሻ ሦስት ቦታ ከፍሎታል። ሁለቱ ክፋይ ዊንግ ዎሉ ውስጥ ገብተው ሲሚንቶው እየደረቀ ነው። የአንደኛው ፊት ወደ ውጭ ነው። እላዩ ላይ የጎራዴ እጀታና የስለቱ ግማሽ አለ።

ያን ጎራዴ አውቀዋለሁ። ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብሎ በዳቦና በእንቁላል ምክንያት አይቼዋለሁ። ሳላየው ቀርቼ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እዚህ ቆሜ አልናገርም፤ ምን እንዳጠፋሁም ሳላውቅ እሞት ነበር። ምን አደረግሁ መሰላችሁ? የዕለት ሪፖርቱን አወጣሁና "የካልቨርት ግንብ ሥራ፣ በዕቅዱ መሠረት" ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩበት።

ከአንድ ዓመት ያነሰ ጊዜ ቀደም ብሎ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ወጥቶ ነበር። በሕንፃም ሆነ በመንገድ ግንባታ ላይ ቅርስ ያገኘ ማንኛውም ሰው ወዲያውኑ ለባለሥልጣኑ ማሳወቅና እስኪረከቡት ድረስ ሳይነካ መጠበቅ እንዳለበት በግልጽ ይደነግጋል። አላነበብኩትም ነበር። ባላነብም ግን ሽማግሌው ነግረውኛል።

በጥሩ ጉዞ መጨረሻ ላይ ጓደኞቼን ከጢያ ወደዚያ ካልቨርት ወሰድኳቸው። ለምን እንደምወስዳቸው አልነገርኳቸውም ነበር። ካልቨርቱ ጤነኛ ነው፤ በሃያ ምናምን ዓመት አንድ ስንጥቅ የለውም፤ በሌላ ጊዜ ብሆን ኮርቼ ፎቶ እነሳበት ነበር። ጎራዴው እንዳለ ነው፤ ትንሽ ሽበት በቅሎበታል። ታሪኩን እዚያው ቆሜ ነገርኳቸው። ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። ከዚያ፣ መሐንዲሶች አይደለን፣ ክርክር ተነሳ፤ ዊንግ ዎሉን አፍርሰን እናውጣው የሚል፣ ስናፈርስ የቀረውንም እንሰብረዋለን የሚል፣ ሦስተኛው ክፋይ የት ገባ የሚል። ሦስተኛውን እስካሁን አላገኘነውም።

ሽማግሌው ካረፉ ቆይተዋል። ቤታቸውን ጠይቀን ሄድን፤ ልጃቸው ቡና አፈሉልን። "አባቴ እስኪሞቱ ድረስ በዚያ መንገድ ሲያልፉ በዚያኛው ጠርዝ ነበር የሚሄዱት" አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉኝም፤ እኔም ይቅርታ ጠይቄ ጀበናው ሦስተኛ እስኪደርስ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አመለከትኩ። የመጣው ባለሙያ ወጣት ነው፤ ለካ፣ ፎቶ አነሳ፣ ድንጋዩን ባለበት ግንብ ውስጥ እንዳለ መዘገበው። ግንቡ በራሱ ምክንያት የሚፈርስበት ጊዜ ሲመጣ በጥንቃቄ እንዲወጣ ማስታወሻ ጻፈበት። ለኔ የከበደኝን ነገር በአንድ ገጽ ጨረሰው።

እንግዲህ ለመምህሮቻችን አንድ ልመና አለኝ። ያ የመስክ ጉዞ ከቆመ ቆይቷል፤ የነዳጅ ወጪ መሆኑን አውቃለሁ። ቢመለስ ደግሞ ለታሪክ ተማሪዎች ብቻ አይሁን። ዶዘር ፊት የሚቆሙት የሲቪል፣ የውኃ፣ የጂኦሎጂ ተማሪዎች ናቸው። የሰርቬይንግ ልምምዱ ላይ አንድ ቀን ቢጨመር ይበቃል። ኮርስ አይሁን፣ ፈተና አይኑረው፤ አይተውት ብቻ ይመለሱ። ለመጀመሪያው ዓመት የአውቶቡሱን ወጪ እኛ አሥራ አንዳችን እንችላለን፤ ተስማምተንበታል።

ጉዞው ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ በጥቅምት መጨረሻ ቅዳሜ ነው። ከዋናው በር ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል እንነሳለን። ከመቀመጫው ግማሹ ለተማሪዎች የተያዘ ነው። ካልቨርቱንም እናያለን፤ አልዘለውም። የመመዝገቢያው ወረቀት በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ እስክሪብቶ አብሮ አለ። ለምሳ ዳቦ በእንቁላል ይኖራል።