ጎረቤት ለጎረቤቱ ጠመንጃ ሲሸጥ

አቅራቢ ሀ፦ አድማጮቻችን፣ በአሜሪካ ከ1998 ጀምሮ ፈቃድ ያለው ነጋዴ ጠመንጃ ከመሸጡ በፊት የገዢውን የኋላ ታሪክ በኤፍቢአይ ሥርዓት ያስጣራል። በ2021 በተወካዮች ምክር ቤት 227 ለ203 ያለፈው ረቂቅ ግለሰቦችንም ሊያስገድድ ነበር፤ ሴኔቱ ጋ ቀረ። እኔ እንኳን ቀረ ባይ ነኝ።

አቅራቢ ለ፦ ምነው እህቴ! ሱቅ የከለከለው ወንጀለኛ ከግለሰብ ይገዛል እኮ።

ሀ፦ ከየትኛው ግለሰብ? የፍትሕ ሚኒስቴር በ2016 እስረኞችን ጠይቋል። ወንጀል ሲፈጽሙ መሣሪያ ይዘው ከነበሩት 43 በመቶ ያህሉ ያገኙት ከመንገድ ወይም ከጥቁር ገበያ ነው። ከጠመንጃ ባዛር ያገኙት አንድ በመቶ እንኳ አይሞሉም። የጥቁር ገበያ ሻጭ ቅጽ ያስሞላል?

ለ፦ ሕግ አክባሪውስ ምን ይጎዳል?

ሀ፦ ስማኝማ። የገጠር ገበሬ አሮጌ የአደን ጠመንጃውን ለሚያውቀው ጎረቤቱ ሊሸጥ ነው እንበል። ተያይዘው ነጋዴ ዘንድ ይሄዳሉ፤ ገዢው ቅጽ 4473ን ይሞላል፤ ነጋዴው የአገልግሎት ክፍያ ይቀበላል፤ የገዢው ስም ከሌላ ሰው ስም ጋር ከተመሳሰለ ደግሞ ቀናት ይጠብቃል። በጓሮ ቢሻሻጡስ ማን ያውቃል? ለማወቅ የባለቤቶች መዝገብ ያስፈልጋል፤ ያን ደግሞ የ1986ቱ ሕግ ለፌዴራል መንግሥት ከልክሏል።

ለ፦ የአንድ ሰው ሕይወት ቢተርፍበትስ?

ሀ፦ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ግን ለተከለከለ ሰው እያወቀ የሚሸጥም፣ በስሙ ገዝቶ የሚያቀብልም ዛሬም ወንጀለኛ ነው። ዐቃቤ ሕግ እነሱን ይክሰስ።

ለ፦ ሲያትል ያላችሁ ግን ልብ በሉ፤ በዋሽንግተን ግዛት ከ2014 መጨረሻ ወዲህ የግል ሽያጭም ይጣራል።